የአባቴ የልብ መድኃኒት ጠፋ፤ በምን ልተካው?

ጤና ይስጥልኝ፣ የምጽፈው ከአዳማ ነው። አባቴ 71 ዓመታቸው ነው። ደረጃ ሲወጡ ወይም ሲበሳጩ ደረታቸውን ጭምድድ አድርጎ ይይዛቸዋል፤ አንጃይና (ልብ በቂ ደም ሳያገኝ ሲቀር የሚመጣ የደረት ሕመም) ተብለዋል። አይሶሶርባይድ ሞኖናይትሬት 60 ሚሊግራም፣ ቀስ ብሎ የሚለቀውን ዓይነት፣ ጠዋት ጠዋት አንድ ፍሬ እየዋጡ ሁለት ዓመት ደህና ከረሙ።

አሁን መድኃኒቱ ጠፋ። ቅዳሜ በባጃጅ ሰባት ፋርማሲ ዞርኩ፤ የለም። አንዱ ጋ ያገኘሁት ቶሎ የሚለቀውን የሞኖናይትሬት 20 ሚሊግራም ፍሬ ነው። ሌላው ጋ የእሱ ዘመድ የሆነው አይሶሶርባይድ ዳይናይትሬት 10 ሚሊግራም አለ። «ያው ነው፣ ባለ 20ውን ሦስት ፍሬ ባንዴ ይዋጡት» ያለኝ ልጅ ግን አስደነገጠኝ። ቶሎ የሚለቀው ባንዴ 60 ቢገባ ግፊታቸው ወርዶ ቢወድቁስ? ግፊት የሚቀንሰውን አምሎዲፒንም ይወስዳሉ።

አንዲት ፋርማሲስት እንዳስረዳችኝ ተራው (ቶሎ የሚለቀው) ሞኖናይትሬት በቀን ሁለቴ፣ በሰባት ሰዓት ልዩነት ይወሰዳል፦ ጠዋት 2 ሰዓትና ቀን 9 ሰዓት። ሌሊቱ ክፍት የሚተወው ሰውነት መድኃኒቱን ለምዶት የመድኃኒቱ ኃይል እንዳይደክም ነው። መጠኑን ግን ሐኪም ይወስን ብላ ተወችው፤ እውነቷን ነው። ቀጠሯችን ገና ሦስት ሳምንት ይቀረዋል፣ የክሊኒኩ ስልክ አይነሳም።

የቀሩት አራት ፍሬ ናቸው። አባቴ «ቀን እያሳለፍኩ ልዋጠው» ይላሉ፤ እኔ እምቢ ብያለሁ።

የልብ ሐኪም ወይም ፋርማሲስት ካላችሁ፦ ከሁለቱ የቱ ይሻላል፣ በስንት ይጀመራል? የቀየራችሁስ፣ የመጀመሪያው ሰሞን ራስ ምታት ተመለሰባችሁ? ቀጠሮ ሳይጠብቅ የሚያይ ሐኪም እዚሁ አዳማ የምታውቁ ጠቁሙኝ።