ረቂቅ 3፦ ለእድሩ ጉባኤ የሚገባው የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ትምህርት ዕቅድ

ጸሐፊ (ብሎክ 27)
ረቂቅ 3 ይኸው። ጉባኤው ሚያዝያ 26 ነው። ወረቀቱ ከዚያ አንድ ሳምንት ቀድሞ ዳኛው እጅ መግባት አለበት። አምና በመጨረሻው ቀን አስገብተን የሆነውን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። እድሩ ዘንድሮ ለወጣቶች የያዘው 85 ሺህ ብር ነው። የኳስ ቡድኑም ዓይኑን ጥሎበታል።

ዓላማው ሦስተኛ ዓመትና ከዚያ በላይ የሆኑ የቱሉ ዲምቱ ልጆች ራሳቸው አስበው በእንግሊዝኛ መጻፍ እንዲችሉ ነው። 24 ተማሪ፣ 16 ቅዳሜ፣ ከሰዓት ከ8 እስከ 10። ቦታው የጋራ መጠቀሚያው ቤት። የልጆቹን ጽሑፍ ለሚያነቡ ሦስት መምህራን ትራንስፖርት በወር 3,000 ብር ለእያንዳንዳቸው፣ በአራት ወር 36 ሺህ። ወረቀትና ፎቶኮፒ 30 ሺህ። መጽሐፍና ሻይ 19 ሺህ። ወንበር ከእድሩ።

«ለምን ለትልልቆቹ?» የሚል አይጠፋም። ፍሬሽማን ላይ ሁለት የእንግሊዝኛ ኮርስ ይወስዳሉ፤ አብዛኛው ዲፓርትመንት ላይ እዚያው ያበቃል። ከዚያ በኋላ ሌክቸሩ በእንግሊዝኛ፣ ሃንድአውቱ በእንግሊዝኛ፣ ፈተናው ግን ምርጫ። በ2015 የተጀመረው የመውጫ ፈተናም ምርጫ ነው፤ 50 በመቶ ያመጣ ያልፋል። የራሱን አንድ ገጽ ሳይጽፍ የሚመረቅ ልጅ አለ። የመመረቂያ ጽሑፍ ሲደርስ ካለፈው ዓመት ፋይል ይገለብጣል። እኔም ያለፍኩት በዚያው መንገድ ነው፣ አልደብቅም።

መምህር (ብሎክ 9)
ገጽ 2 ላይ ያለውን የግራመር ዝርዝር አውጡት። ቴንስ፣ ፓሲቭ ቮይስ፣ ኮንዲሽናል። ይሄን ልጆቹ ከታች ክፍል ጀምሮ ሲማሩት ነው የኖሩት።

ባለፈው ሳምንት አንድ የአራተኛ ዓመት ልጅ ምዕራፍ ሁለትን ይዞልኝ መጣ። አንድ ገጽ ላይ «ዲስከስ አባውት» ሦስት ቦታ አለ። አማርኛችን «ስለ ጉዳዩ ተወያየ» ስለሚል «ስለ»ን እንግሊዝኛው ላይም ይዞት ሄደ። «ዘ» ደግሞ አንዱ አንቀጽ ላይ በየቃሉ ፊት ተደርድራለች፣ ቀጣዩ አንቀጽ ላይ አንድም የለች። እነዚህ በእርሳስ ተከብበው ሁለት ሦስት ጊዜ ሲመለሱለት ይለቁታል። የከፋው ሌላ ነው። አሥራ አንድ መስመር ካለው አንቀጽ ሰባቱ የሰው ነው፤ ቃላቱን ቀያይሮ አስቀምጦታል። «አንተስ ምን ትላለህ?» አልኩት። በአማርኛ ቁጭ አድርጎ ነገረኝ፣ ጥሩ ሐሳብ ነው። «በል እሱን ጻፈው» ስለው እስክሪብቶውን አስቀመጠ።

ስለዚህ አሠራሩ አንድ ይሁን። በየሳምንቱ አንድ ገጽ ይጻፍ፣ ሰው ያንብበው፣ ልጁ ያንኑ ገጽ እንደገና ይጻፈው። አዲስ ርዕስ አትስጡት። ያንኑ። ለቃላት ደግሞ ኮክስሄድ የምትባል የኒውዚላንድ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2000 ያወጣችው ዝርዝር አለ። 570 የቃል ቤተሰቦች፣ ማለትም ከአንድ ሥር የወጡ ቃላት ስብስቦች ናቸው፤ አንድ የትምህርት ጽሑፍ ላይ ካሉት ቃላት አሥር በመቶ ያህሉን ይሸፍናሉ። በሳምንት 36 ቢይዙ በ16 ሳምንት ይጨርሱታል።

ንብረት ክፍል (ብሎክ 3)
«ወንበር ከእድሩ» የሚለውን ማን ጻፈው? እኔን ማን ጠየቀኝ? አምና ለእናንተው ምረቃ 60 ወንበር አውጥቼ የተመለሰልኝ 52 ነው። ከተመለሱትም የአንዱ እግር በሲባጎ ታስሮ ነው የመጣው። ያሰረው ሰው እንዳላይበት ወደ ግድግዳ አዙሮ አስቀምጦታል። አሁንም መጋዘን አለ፣ መጥታችሁ እዩት። ጀርባው ላይ በቀይ ቀለም «እድር» ተብሎ ተጽፎበታል። የሕዝብ ንብረት ነው።

አራተኛ ዓመት ሲቪል (ብሎክ 31)
ጋሼ፣ በስምንት ወንበር የ24 ልጅ ትምህርት ይቆማል? እኔና ጓደኞቼ ተሸክመን እናመጣለን፣ ማታ ቆጥረን እንመልሳለን። ኃላፊነቱን እኔ እወስዳለሁ። የተመዝጋቢዎቹን ስምም እስከ እሑድ አመጣለሁ።

ንብረት ክፍል (ብሎክ 3)
አምናም ኃላፊነቱን እኔ እወስዳለሁ ያለ ልጅ ነበር። እስከ ዛሬ ስልክ አያነሳም።

የተማሪ እናት (ብሎክ 14)
ልጄ ስድስት ኪሎ አራተኛ ዓመት ናት። ሌሊት 11 ተኩል ትወጣለች። እስከ ቃሊቲ በታክሲ፣ ከቃሊቲ በባቡር፣ ከዚያ ደግሞ ሌላ ታክሲ። ማታ መጽሐፉን ደረቷ ላይ አድርጋ ነው እንቅልፍ የሚወስዳት። ውጭ አገር ማስተርስ ማመልከት ትፈልጋለች፤ አይልትስ በሚባለው የእንግሊዝኛ ፈተና 6.5 አምጪ ተብላለች። ለምን የአይልትስ ዝግጅት አናደርገውም? ቢያንስ ወረቀት ይይዛሉ።

መምህር (ብሎክ 9)
እትዬ፣ የአይልትስ የጽሑፍ ክፍል 60 ደቂቃ ውስጥ ሁለት ጽሑፍ ነው የሚጠይቀው። አንዱ ቢያንስ 150 ቃል፣ ሌላው ቢያንስ 250። ምርጫ የለበትም። ውጤቱ ደግሞ ሁለት ዓመት ብቻ ነው የሚያገለግለው። ስለዚህ ሳትዘጋጅ ቸኩላ ብትፈተን ገንዘቡም ጊዜውም ይባክናል። መጀመሪያ ገጹን ትልመድ። የፈተናው ብልሃት በኋላ ይደረስበታል።

ገንዘብ ያዥ (ብሎክ 18)
ወንበሩን እንጨርስ። ማን ይፈርማል?

አራተኛ ዓመት ሲቪል (ብሎክ 31)
እፈርማለሁ አልኩኮ።

ብሎክ 22
ቅዳሜ ለቅሶ ካለስ? ወንበሩ ድንኳን ውስጥ ነው የሚሆነው። ሦስት ቀን አይነሳም።

አራተኛ ዓመት ሲቪል (ብሎክ 31)
በየሳምንቱ ሰው አይሞትም! ሁልጊዜ ለቅሶ፣ ለቅሶ። ለሞተ ሰው ወንበር አላችሁ፣ ለሚማር ልጅ ግን የላችሁም።

ብሎክ 22
አፍህን ሰብስብ። አባቴ ያረፈው የእናንተ ምረቃ ሳምንት ነው። ወንበር ጎድሎ የአክስቴ ባል ድንኳኑ በር ላይ ብሎኬት አስጠግቶ ሲቀመጥ በዓይኔ አየሁ። ሰባ ዓመት ያለፈው ሰው ነው። ጋቢውን አጥፎ ከሥሩ አደረገና «ምንም አይደል ልጄ፣ ይመቸኛል» አለኝ። ለአንተ ስምንት ወንበር ነው። ለእኔ ያ ብሎኬት ነው።

ጸሐፊ (ብሎክ 27)
እባካችሁ። ሁለታችሁም ተዉት።

አራተኛ ዓመት ሲቪል (ብሎክ 31)
አላወቅኩም ወንድሜ። ይቅርታ። ነፍስ ይማር። ጋሼ፣ እርስዎንም ይቅርታ።

ንብረት ክፍል (ብሎክ 3)
እኔም ለክፋት አይደለም። ትምህርቱን እፈልገዋለሁ። የወንድሜ ልጅ እዚሁ ቂሊንጦ፣ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ነው የሚማረው። የኢንተርንሺፕ ሪፖርት ጻፍ ሲባል ሦስት ሌሊት ሲገላበጥ አደረ። በስሌት ማንም አይደርስበትም። ግን ወንበሩን አልሰጥም።

ገንዘብ ያዥ (ብሎክ 18)
እንግዲያው የራሳችንን እንግዛ። መርካቶ አስጠይቄያለሁ፣ ጠንካራው ፕላስቲክ አንዱ 1,200 ብር ነው። 40 ብንይዝ 48 ሺህ። ማኅበሩ ንብረት ይኖረዋል። በየጊዜው ሰው ደጅ ከመጥናት እንድናለን።

ብሎክ 22
በዚህ እስማማለሁ። ትምህርት በሌለበት ቀን ለድግስ ይከራይ። ለቅሶ ላይ ሲጎድል ደግሞ በነፃ ይጨመር። ይሄ ይጻፍ።

ብሎክ 36
40 ወንበር ከተገዛ ለምን 24 ተማሪ ብቻ? የ12ኛ ክፍል ልጆችም ይግቡ። የ2014 ተፈታኞች ውጤት ሲወጣ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.3 በመቶ ብቻ ነበር። ያን ቀን በየደረጃው ላይ ቆመን ምን እንደተባባልን ረሳችሁት? ዩኒቨርሲቲ የገባውማ ገብቷል።

መምህር (ብሎክ 9)
ቆይ። አንድ ገጽ በደንብ ለማንበብ 15 ደቂቃ ይፈጃል። 24 ገጽ 6 ሰዓት ነው፤ ለሦስት ሰው ሲካፈል ሁለት ሁለት ሰዓት። 40 ገጽ 10 ሰዓት ነው። ወንበሩ ደግሞ የሚገዛው ከአንባቢዎቹ ትራንስፖርት ተቀንሶ ነው። ሁለቱ ከሳሪስና ከመገናኛ ነው የሚመጡት፣ ደሞዛቸውንም ታውቁታላችሁ። ማንም ሳያነበው የሚጻፍ ገጽ ላይ ልጁ ስህተቱን ነው የሚለማመደው። ወንበር ግዙ፣ አልቃወምም። ከአንባቢው ኪስ ግን አትውሰዱ። ልጆቹ ምንጣፍ ላይም ተቀምጠው ይጽፋሉ።

የተማሪ እናት (ብሎክ 14)
ምንጣፍ ላይስ አይሆንም መምህር። ከሌሊት ጀምራ ታክሲ ላይ ቆማ የመጣች ልጅ ናት። የኳስ ቡድኑስ አይቶ ምን ይለናል?

ጸሐፊ (ብሎክ 27)
ሲቪል፣ የተመዝጋቢዎቹ ስም የታለ? እሑድ ብለህ ነበር፣ ዛሬ ረቡዕ ነው። ጉባኤው ፊት «ስንት ልጅ ተመዝግቧል?» ስባል ምን ልበል?

ጸሐፊ (ብሎክ 27)
ሲቪል?

ገንዘብ ያዥ (ብሎክ 18)
ፈተና ላይ ይሆናል። ሌላ ሰው በየብሎኩ ይዙር።

ብሎክ 36
እኔ ማታ ማታ ሥራ ነኝ፤ ባይሆን ከ30 እስከ 40 ያሉትን ብሎኮች አዳርሳለሁ።

ጸሐፊ (ብሎክ 27)
ሌሊቱን ቁጭ ብዬ ረቂቅ 4ን አዘጋጀሁ። ርዕሱ «የወንበር ግዢና የእንግሊዝኛ ማጠናከሪያ» ሆኗል። 40 ወንበር 48 ሺህ። ወረቀት 15 ሺህ። ሰንሰለት፣ ቁልፍና ሸራ 4 ሺህ። ትራንስፖርት ለሁለት አንባቢ ለሦስት ወር 18 ሺህ። ድምር 85 ሺህ። 16 ሳምንት የነበረው 12 ሆነ። ተማሪ 40፣ ግማሹ 12ኛ ክፍል። ገጽ የሚጻፈው በሁለት ሳምንት አንዴ ነው። መጽሐፍና ሻይ ወጥቷል። ልቤ አልረጋም። ያሰብኩት ይሄን አልነበረም። ግን ገንዘብ ያዥ እንዳለው ጉባኤው በዓይን የሚታይ ነገር ሲያይ እጁን ያወጣል፣ እኔም ገንዘቡ እንደ አምናው እንዲያመልጠን አልፈልግም።

መምህር (ብሎክ 9)
አነበብኩት። 12ኛ ክፍልና አራተኛ ዓመት አንድ ላይ ምን አድርጌ እንደማስተምር አላውቅም። «ያንኑ ገጽ እንደገና ይጽፋል» የሚለው መስመር የታለ? እሱ ከወጣ እኔ የለሁበትም።

ጸሐፊ (ብሎክ 27)
አልወጣም መምህር። ገጽ 3 ላይ ነው፣ ከኪራዩ ደንብ ሥር።

መምህር (ብሎክ 9)
ወደ ገጽ 1 አምጣው።

ገንዘብ ያዥ (ብሎክ 18)
ገጽ 1 ሞልቷል። የወንበሩ ዋጋ ማቅረቢያ እዚያ ነው ያለው።

የተማሪ እናት (ብሎክ 14)
ልጄ ትናንት ማታ አንድ ገጽ ጻፈች። ስለ ቃሊቲው ባቡር ነው። እየሰረዘች፣ ወረቀቱን እየቀደደች አራት ወረቀት ጨረሰች። ለማን ትስጠው? ጉባኤውን ትጠብቅ?

መምህር (ብሎክ 9)
አትጠብቅ። ዛሬ ማታ ይዛው ትምጣ። አንድ አንድ መስመር እየዘለለች ትገልብጠው፣ የምጽፍበት ቦታ እንዲኖረኝ። የቀደደቻቸውንም ታምጣቸው።

ንብረት ክፍል (ብሎክ 3)
ወንበሩ ነጭ እንዳይሆን። ከእድሩ ጋር ይደባለቃል። ሰማያዊ ግዙ።