ፖስተሬ ሲታተም የልጁ ፊት ጠፋ

ሰላም ለሁላችሁ። ለመመረቂያ የሠራሁት የ9 ደቂቃ ፊልም፣ ማታ ማታ በመንገድ መብራት ሥር ስለሚያጠና ሊስትሮ ልጅ ነው። ከፊልሙ ጋር በኤ3 ወረቀት ፖስተር፣ በኤ4 ደግሞ አንድ ገጽ የፊልም ሂስ ማስረከብ አለብኝ። አምስት ቀን ቀርቶኛል።

ሂሱ አልቋል። በሦስት ዓምድ ሳደርገው የአማርኛ ቃላት ስለሚረዝሙ በመሃላቸው ሰፋፊ ክፍተት ይፈጠር ነበር፤ ወደ ሁለት ዓምድ ቀይሬ የቀኙን ጠርዝ መስመሮች እኩል ሳላደርግ ስተወው ተስተካከለ።

ጭንቀቴ ፖስተሩ ነው። ምስሉን የወሰድኩት ከራሱ ከፊልሙ ነው፤ 1920 በ1080 ፒክስል። ኮምፒውተር ላይ ሰማያዊው ጨለማ በጣም ያምራል፣ የፊልሙ ነፍስም እሱ ነው። ማተሚያ ቤት ወስጄ ሳሳትመው ግን ሁሉም ጥቁር ሆነ። በፎቶሾፕ ከአርጂቢ (ከስክሪን የቀለም ሥርዓት) ወደ ሲኤምዋይኬ (ወደ ሕትመት የቀለም ሥርዓት) ቀይሬ ጥላውን አፈካሁት፤ ፊቱ ታየ፣ ግን ነጠብጣብ በነጠብጣብ ሆነ። ለቁም ፖስተር ስቆርጠው ቁመቱ 1080 ፒክስል ብቻ ነው፤ ኤ3 በ300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ) ሲታተም ግን በቁመት ወደ 4960 ፒክስል ይፈልጋል። ፊደላችን ትልቅና ትንሽ ቅርጽ ስለሌለው ርዕሱን የማጎላው በዋናነት በመጠንና በውፍረት ነው፤ ሳተልቀው ደግሞ ፊቱን ይሸፍነዋል።

ካሜራ ለቅዳሜ ማታ ብቻ ተውሻለሁ፣ ልጁም ይመጣል። እዚያው መብራት ሥር አቁሜ በቁመት እንደ አዲስ ፎቶ ላንሳው፣ ወይስ ያለኝን ምስል አሳንሼ ከላይ አስቀምጬ የቀረውን ቦታ ለርዕሱ ልተወው?