የእስር ቅጣት የተፈረደበት ሰው የመያዣ ትእዛዝ በይርጋ ቀሪ ይሆናልን?

ታላቅ ወንድሜ በዋስ እንደወጣ ለፍርድ ሳይቀርብ ቀርቶ በ2007 ዓ.ም. በሌለበት የሁለት ዓመት እስራት ተፈረደበት፤ ፖሊስ ይዞ እንዲያቀርበውም ትእዛዝ ወጣ። የትእዛዙን ግልባጭ እናታችን ፒያሳ ባለው ቤታችን በዳዊቷ ውስጥ አጥፋ አስቀምጣዋለች፤ በር በተንኳኳ ቁጥር እጇ ወደዚያው ይሄዳል።

የ1996ቱ የወንጀል ሕግ ከአንድ ዓመት በላይ ለሆነ እስራት የ10 ዓመት የቅጣት ይርጋ፣ ማለትም ቅጣቱ ሳይፈጸም ካለፈ ከዚያ በኋላ የማይፈጸምበትን የጊዜ ገደብ፣ ይደነግጋል። ያልገባኝ ነገር ግን ጊዜው ሲሞላ የመያዣ ትእዛዙ በራሱ ይቀራል ወይስ አቤቱታ ቀርቦ ፍርድ ቤቱ ሊሰርዘው ይገባል የሚለው ነው። መሸሹ ጥፋት መሆኑን አልክድም። ልደታ ወደሚገኘው ፍርድ ቤት ሄዶ መዝገቡን ቢጠይቅ እዚያው ይያዝ ይሆን? ወይስ እኔ ወይም ጠበቃ አስቀድመን ልናጣራለት እንችላለን? ሕግ የምታውቁ እባካችሁ ምሩኝ።