ጠዋት አልነሳ የሚል ማዘርቦርድ፦ ባዮስ ማዘመን ይፈታዋል? ራሙስ 3600 ይሄዳል?

ማርቆስ_450፦

ሰላም ለዚህ ቤት። ማሽኑ ያለው ደብረ ማርቆስ ነው። ቢ450 ማዘርቦርድ፣ ራይዘን 5 3600፣ ሁለት ባለ 8 ጊጋ ዲዲአር4 ራም (ተለጣፊው ላይ ፍጥነት 3600፣ 1.35 ቮልት ይላል)፣ 550 ዋት ፓወር ሰፕላይ። ባዮሱ (ማሽኑን የሚያስነሳው የቦርዱ ፕሮግራም) እ.ኤ.አ. የ2019 ነው፤ ከዚያ ወዲህ የነካው የለም።

ጠዋት ማብሪያው ሲጫን ፋኑ ይዞራል፣ ስክሪኑ ግን ጨለማ ነው። ቦርዱ ላይ ካሉት አራት ትንንሽ መብራቶች የራሙ በርቶ ይቀራል። ሁለት ሦስቴ ጠፍቶ ሲበራ ይነሳል፤ አንዴ ከተነሳ እስከ ማታ ደህና ነው። ኤክስኤምፒ (ራሙን ተለጣፊው ላይ ባለው ፍጥነት የሚያስኬደው የባዮስ ቅንብር) ሲበራ ደግሞ ሦስት ጊዜ እየጠፋ እየበራ ይቆይና በ2133 ይነሳል። ሰዓቱም አንዳንድ ቀን ወደ ኋላ ተመልሶ ይገኛል።

ባዮሱን ማዘመን ይህን ሁሉ ያስተካክላል? ራሙ 3600 እንዲሄድስ ያግዛል? ወደፊት ራይዘን 5 5600 የማስገባት ሐሳብ ስላለ አብሮ ቢያልቅ ጥሩ ነበር። ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚያቆይ መሣሪያ) የለም፣ መብራቱን ደግሞ ታውቁታላችሁ።

ጮቄ፦

ከሁሉም በፊት ሰዓቱ ወደ ኋላ መመለሱን ያዝ። እሱ የባዮስ ማርጀት ምልክት ሳይሆን የባትሪ ምልክት ነው።

ማታ ማከፋፈያውን ከግድግዳ ታጠፋዋለህ? አብዛኛው ሰው እንደዚያ ነው የሚያደርገው፣ መብረቅ ባለበት አገር ልክም ነው። ኮምፒውተሩ ሶኬት ላይ እስካለ ድረስ ግን ጠፍቶም ቢሆን ፓወር ሰፕላዩ ለቦርዱ 5 ቮልት ይሰጣል፤ ሰዓቱና ቅንብሩ በዚያ ይቆያሉ። ከግድግዳ ሲጠፋ ሸክሙ በሙሉ ሳንቲም በምታክለው ሲአር2032 ባትሪ ላይ ይወድቃል። ባትሪዋ ከደከመች ቦርዱ ጠዋት ቅንብሩን ተበላሽቶ ያገኘዋል፣ ሁሉን ወደ መነሻው መልሶ ራሙን ከዜሮ ይለማመዳል፤ ማለትም ራሙ በምን ቅንብር እንደሚሠራ እየሞከረ ይፈልጋል። «ጠዋት» ያልካት ቃል ከዚህ ጋር ትገጥማለች።

ማረጋገጫው ቀላል ነው። ሰማዩ ጥርት ባለ ጊዜ ሁለት ሌሊት ሶኬቱን ሳታጠፋ አሳድር። ጠዋት በአንድ ጭነት ከተነሳ ጥፋቱ የባትሪዋ ነው። በመልቲሜትር አዲሷ ከ3 ቮልት በላይ ታሳያለች፤ ከ2.8 በታች ከወረደች ጣላት። ስትቀይር ገመዱን ንቀል፣ ማብሪያውን 10 ሰከንድ ተጭነህ ያዝ፣ አሮጌዋን አውጥተህ 5 ደቂቃ ቆይ፣ ከዚያ አዲሷን የመደመር ምልክቱ ወደ ላይ ሆኖ አስገባ። በዚህ ሲሞሱም (የባዮሱ ቅንብር የሚቀመጥበት) አብሮ ይጸዳል።

ሌላው የራሙ ቦታ ነው። ከፕሮሰሰሩ ጀምረህ ስትቆጥር ሁለተኛውና አራተኛው ማስገቢያ ላይ መሆን አለባቸው። አንደኛውና ሦስተኛው ላይ ከሰካሃቸው መስመሩ ከራሙ አልፎ ባዶው ማስገቢያ ድረስ ይቀጥላል፤ ምልክቱ እዚያ ሄዶ እየተንጸባረቀ ይመለሳል። በ2133 አይሰማም፣ በ3600 ግን ያወድቃል። የራሙን የወርቅ ጥርስ በነጭ ላጲስ ቀስ ብለህ ጥረገው፣ ፍርፋሪውን በብሩሽ አራግፈህ ሁለቱም ጫፍ «ቀጭ» እስኪል ድረስ ስካ።

የጣና_ዳር፦

የጮቄን ሐሳብ አስቀድም፤ ማዘመኑ ግን አይቀርልህም። ራይዘን 3000 የወጣው በሐምሌ 2019 እ.ኤ.አ. ነው፤ የዚያ ዓመት ባዮሶች ገና ጥሬ ነበሩ። ራሙን የሚለማመደው ኮድ ኤኤምዲ «አጌሳ» ብሎ ለቦርድ ሠሪዎቹ የሚሰጠው ጥቅል ውስጥ ነው፣ እነሱ በራሳቸው ባዮስ ጠቅልለው ያወጡታል። ስለዚህ ራም አልቀበል የሚል ቦርድ ላይ የባዮስ ለውጥ እውነተኛ ልዩነት ያመጣል። 5600ን በተመለከተ ምርጫም የለህም፦ የወጣው በ2022 ስለሆነ የ2019 ባዮስ ጨርሶ አያውቀውም። ራይዘን 5 3600ው ቦርዱ ላይ እያለ አዘምን፣ ፕሮሰሰሩን ከዚያ በኋላ ቀይር።

የቦርዱን ሠሪ አልጻፍክም፣ መንገዱ በሁሉም ተቀራራቢ ነው። ዊንዶውስ ላይ ኤምኤስኢንፎ32 ብለህ ክፈት፤ የቦርዱን ሞዴል፣ የባዮሱን ቁጥርና «ባዮስ ሞድ» የሚለውን መስመር ጻፍ። ቀጥሎ ሳጥኑን ክፈትና ቦርዱ ላይ የታተመውን ስምና የሪቪዥን ቁጥር በዓይንህ እይ። ሪቪዥን 1 እና ሪቪዥን 2 በስም አንድ ሆነው ባዮሳቸው ይለያያል። ከሠሪው ገጽ ብቻ አውርድ፣ «ቤታ» (የሙከራ ስሪት) የሚለውን እለፈው፣ ማስታወሻውንም አንብብ፤ አንዳንዱ ቦርድ መጀመሪያ መካከለኛ ስሪት እንዲገባ ይጠይቃል።

ፍላሹ 8 ወይም 16 ጊጋ ይሁን፣ በፋት32 ፎርማት አድርገው። ዚፑን ፈትተህ ፋይሉን ብቻውን አስቀምጥ። በዳታ ሲወርድ ኔትወርክ ከተቆረጠ ፋይሉ ጎደሎ ሊሆን ስለሚችል መጠኑን እይ፦ ሲፈታ ልክ 16,384 ወይም 32,768 ኪሎባይት መሆን አለበት። አሱስ ላይ ብቻ ከዚያ ጥቂት ኪሎባይት ይበልጣል።

ከማዘመንህ በፊት ባዮስ ገብተህ ወደ መነሻ ቅንብር መልስ። ይህን የሚዘል ሰው ብዙ ነው፣ ቦርድ የሚገድለውም ይኸው ነው። ፋይሉ ወደ ቺፑ ከመጻፉ በፊት ራም ላይ ያርፋል፤ ራሙ በኦቨርክሎክ (ከመደበኛው በላይ በሆነ ፍጥነት) እየተንገዳገደ ከሆነ የተሳሳተ ባይት ሊጻፍ ይችላል። ቢትሎከር (የዊንዶውስ ዲስክ መቆለፊያ) ካለህ አግደው ወይም መክፈቻ ቁልፉን ወረቀት ላይ ገልብጥ፤ ከዝማኔው በኋላ ቲፒኤሙ (ቁልፉን የሚይዘው የደኅንነት ክፍል) ሊጸዳና ዊንዶውስ ቁልፍ ሊጠይቅህ ይችላል።

ከዚያ በባዮሱ በራሱ መሣሪያ ጻፈው፦ ኤምኤስአይ ላይ ኤም-ፍላሽ፣ ጊጋባይት ላይ ኪው-ፍላሽ፣ አሱስ ላይ ኢዚ ፍላሽ፣ አስሮክ ላይ ኢንስታንት ፍላሽ። ዊንዶውስ ውስጥ ሆነህ አታዘምን፤ ስርዓቱ መሀል ላይ ቢደርቅ መመለሻ የለህም። መጻፉ ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ይወስዳል። ካለቀ በኋላ ስክሪኑ ጨልሞ ሁለት ሦስት ጊዜ ራሱን ቢያጠፋና ቢያበራ አትደንግጥ፣ ራሙን እየተለማመደ ነው። 10 ደቂቃ ሳይሞላ እጅህን እንዳታስገባ።

«የሚነሳበት ዲስክ የለም» ካለህ ዊንዶውሱ አልጠፋም። «ባዮስ ሞድ» የሚለው መስመር ቀድሞ «ሌጋሲ» ይል ከነበረ ዝማኔው ሲኤስኤምን (የድሮውን የማስነሻ መንገድ የሚደግፈውን ቅንብር) አጥፍቶታል፣ መልሰህ አብራው።

ዳሞት_ኤሌክትሪክ፦

የመብራቱን ነገር ልጨምር፣ ቸል ሊባል አይገባም። ስታብላይዘር ስላለኝ አልሰጋም የሚል ሰው በጣም ይሳሳታል። ስታብላይዘር ቮልቴጅ ያስተካክላል እንጂ ኃይል አያስቀምጥም። እንዲያውም ባለ ሪሌው ቮልቴጁ በዋዠቀ ቁጥር «ቀጭ» ሲል ለቅጽበት ይቆርጣል። ጥሩ ፓወር ሰፕላይ ያለ መብራት የሚችለው ወደ 16 ሚሊሰከንድ ብቻ ነው፣ ያረጀው ደግሞ ከዚያም ያንሳል።

ዩፒኤስ ለአንድ ቀን ተዋስ። ባለ 650 ቪኤ ይበቃል፤ ባዮስ ውስጥ ያለ ማሽን ከ100 ዋት ብዙም አያልፍም። ግን ሳትፈትነው አትመነው። ሙሉ ኃይል ሙላው፣ ኮምፒውተሩን ባዮስ ውስጥ አቁመው፣ የዩፒኤሱን መሰኪያ ከግድግዳ ንቀልና 10 ደቂቃ ጠብቅ። አንዳንድ ርካሽ ዩፒኤስ የሚያወጣው ሞገድ ደረጃ ደረጃ ስለሆነ አዳዲስ ፓወር ሰፕላዮች አይቀበሉትም፣ ገና በመቀያየሪያው ቅጽበት ይጠፋሉ። ይህን በፈተናው ጊዜ ማወቅ ይሻላል። ደመና ያረገዘበትን የክረምት ከሰዓት በኋላ ተወው፣ ጠዋት አድርገው።

ማርቆስ_450፦

እግዜር ይስጥልኝ። ባትሪዋ 2.61 ለካች፣ ተቀየረች፤ ሁለት ጠዋት በአንድ ጭነት ተነስቷል። ኤክስኤምፒ ግን እንደ ቀድሞው ነው። ከማሽኑ ጀርባ የባዮስ ዝማኔ ቁልፍ (የሚጫን) አለ፤ በእሱ ሞከርኩ፣ መብራቱ አምስት ሰከንድ ያህል ብልጭ ብልጭ ብሎ ይቆማል፣ ምንም አይጻፍም። ፍላሹ 64 ጊጋ ነው።

የጣና_ዳር፦

ፍላሹ ነው። ዊንዶውስ 64 ጊጋን በኤክስፋት ነው ፎርማት የሚያደርገው፣ ቁልፉ ደግሞ የሚያነበው ፋት32 ብቻ ነው። ትንሽ ፍላሽ ፈልግ። ወደቡንም አረጋግጥ፤ ምልክት የተደረገበት አንድ የዩኤስቢ ቀዳዳ ብቻ ነው የሚሠራው።

ሁለተኛው ወጥመድ የፋይሉ ስም ነው። በቁልፉ ለማዘመን ኤምኤስአይ «ኤምኤስአይ ነጥብ ሮም»፣ ጊጋባይት «ጊጋባይት ነጥብ ቢን» በላቲን ፊደል እንዲባል ይፈልጋሉ፤ የአሱስን ከዚፑ ጋር የሚመጣው መሰየሚያ ፕሮግራም ይሠራልሃል። ዊንዶውስ የፋይል ቅጥያ ስለሚደብቅ ስሙን ስትለውጥ ሁለት ቅጥያ ተደራርቦ ይቀራል። መጀመሪያ «የፋይል ቅጥያ አሳይ» የሚለውን አብራ።

የቁልፉ መንገድ ጥቅም አለው፦ ፕሮሰሰሩ አይሠራም፣ ስለዚህ ትንሽ ዩፒኤስም ብዙ ይይዘዋል። ባለ 24ቱና ባለ 8ቱ የኃይል ገመዶች ግን መሰካት አለባቸው።

አባይ_ማዶ፦

አሁን ወደ ፍጥነቱ። ዝማኔው ሲያልቅ ሲሞሱን እንደገና አጽዳ፤ የድሮውን ኦቨርክሎክ ፕሮፋይልም አትጫን። በአዲሱ ባዮስ ቅንብሮቹ ቦታ ስለሚቀይሩ የድሮ ፕሮፋይል የማታውቀውን ቁጥር የማታውቀው ቦታ ላይ ሊያስቀምጥ ይችላል። በእጅህ ጻፍ።

አንድ ቀን በመነሻው ይሥራ። ከዚያ ኤክስኤምፒን አብራና ፍጥነቱን ወደ 3200 አውርድ። ካለፈ 3600፣ ኤፍሲኤልኬ (የፕሮሰሰሩ የውስጥ መገናኛ ፍጥነት) 1800 አድርግ፤ የ3600 ራም እውነተኛ ምቱ ግማሹ፣ 1800 ነው። ሁለቱ አንድ ለአንድ ሲሄዱ ነው ጥቅሙ የሚገኘው፤ ራሙን 3800 ብትለው ኤፍሲኤልኬ 1900 ይፈልጋል፣ ብዙ 3600 ፕሮሰሰር እዚያ አይደርስም። የራም ቮልቴጅ 1.35 ይሁን፣ ካስቸገረ 1.38። የኤስኦሲ (ፕሮሰሰሩ ውስጥ ራሙን የሚቆጣጠረው ክፍል) ቮልቴጅ «ኦቶ» ላይ አይቅር፣ 1.10 አድርገው፤ ከ1.2 አታሳልፈው። ባዮሱ ውስጥ ያሉት ተጓዳኝ ቮልቴጆች ደግሞ ቪዲዲጂ 0.95፣ ቪዲዲፒ 0.90። «ጊር ዳውን ሞድ» የሚለው የራም ቅንብር ይብራ፣ «ኮማንድ ሬት» የሚለው 1ቲ ይሁን። አሁንም ሲበራ ሦስቴ ከወደቀ ፕሮክኦዲቲን (የራም መስመሩን ምልክት ነጸብራቅ የሚቀንስ የኦም ቁጥር) 36.9፣ 40፣ 43.6 እያልክ አንድ በአንድ ሞክር። አንድ ቁጥር ብቻ ቀይረህ አስነሳ፣ አለበለዚያ የትኛው እንደረዳህ አታውቅም።

በሜምቴስት86 (ራም መፈተኛ ፕሮግራም) አራት ዙር ያለ አንድ ስህተት ይለፍ፤ አንድ ስህተትም ብትሆን ስህተት ናት። በዚህም አትርካ። ሞቆ ፈተናውን የሚያልፍ ራም ቀዝቅዞ ሊወድቅ ይችላል፣ ደብረ ማርቆስ ደግሞ ሌሊቱ ይበርዳል። ሦስት ሌሊት ከግድግዳ አጥፍተህ አሳድርና ጠዋት በአንድ ጭነት መነሳቱን እይ። ከወደቀ 3600ን በግድ አትያዝ፣ 3466 በኤፍሲኤልኬ 1733 ውረድ፤ ልዩነቱ በሥራ ላይ አይታወቅም።

ፕሮሰሰሩን፣ ራይዘን 5 3600ን፣ በፒቢኦ (ከመደበኛው በላይ እንዲሄድ በሚፈቅደው ቅንብር) ማስጨነቅ ብዙ አያወጣም። 5600 ስታስገባ ግን ከርቭ ኦፕቲማይዘር (የየኮሩን ቮልቴጅ የሚቀንስ ቅንብር) ታገኛለህ፤ እውነተኛው ትርፍ እዚያ ነው። ሁሉንም ኮር ከዜሮ በታች 10 አድርግ፣ ከዚያ 15፣ ከዚያ 20። እያንዳንዱ ቁጥር ከ3 እስከ 5 ሚሊቮልት ያህል ይቀንሳል። የሚወድቀው በከባድ ሥራ ሳይሆን ማሽኑ ዝም ብሎ ሲቀመጥ ነው፤ ያለ ምክንያት ራሱን ካጠፋና ካስነሳ ኢቨንት ቪወር (የዊንዶውስ የክስተት መዝገብ) ውስጥ ደብሊውኤችኢኤ ሎገር 18 የሚል ስህተት ፈልግ፣ ካገኘኸው ቁጥሩን በ5 ወደ ዜሮ መልስ።

ሙቀቱን በሜዳ አገር ሰው ቁጥር አትለካው። ማርቆስ ከባሕር ጠለል ወደ 2,400 ሜትር ከፍ ያለ ስለሆነ አየሩ ከባሕር ዳርቻው በአንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል፤ ፋኑ በተመሳሳይ ዙር የሚያወጣው ሙቀት ያንሳል። የፋኑን ፍጥነት ከፍ አድርግ፣ በጋ ላይ አቧራውን በየሁለት ወሩ አራግፍ። የ5600 ጣሪያ 90 ዲግሪ ነው፤ በሙሉ ሥራ ከ80 በታች ካቆየኸው በቂ ነው።

ጮቄ፦

ድንገት መብራት መሀል ላይ ቢጠፋና ቦርዱ ቢሞት፦ ቁልፉ ያለው ቦርድ በቁልፉ ይነሳል፣ እንደገና ጻፈው። ቁልፍ የሌለው ቦርድ ለገጠመው ደግሞ ባለ ስምንት እግሩን የባዮስ ቺፕ በሲኤች341ኤ ፕሮግራመር (ቺፕ ላይ በቀጥታ የሚጽፍ ትንሽ መሣሪያ) መጻፍ ይቻላል። ቺፑን የሚነክሰውን መያዣ (ክሊፕ) ከማሰርህ በፊት ግን የቺፑን ቁጥር በማጉያ አንብብ። ከቁጥሩ ቀጥሎ ኤፍቪ ወይም ጄቪ ያለበት የዊንቦንድ ቺፕ 3.3 ቮልት ነው፣ ኤፍደብሊው ወይም ጄደብሊው ያለበት 1.8 ነው። ቢ450 ላይ 1.8ቱ ስለሚበዛ ያለ ማውረጃ አስማሚ ቺፑ ይቃጠላል፤ ጥቁሩ ሲኤች341ኤ ደግሞ 3.3 ላይ ተደርጎም የመረጃ መስመሩ ላይ 5 ቮልት ያወጣል። መጀመሪያ ያለውን ሁለቴ አንብበህ ሁለቱ ፋይሎች አንድ መሆናቸውን አረጋግጥ፤ ከተለያዩ መያዣው በትክክል አልነከሰም። የቦርዱ መለያ ቁጥርና የኔትወርክ ካርዱ አድራሻ እዚያው ስላሉ ቅጂውን አስቀምጥ፣ ከዚያ ቺፑ ላይ ያለውን አጥፍተህ አዲሱን ጻፍ።