«ታገኛታለህ» ዛቻ ነው ወይስ ማስጠንቀቂያ?

ወልድዬው፦ ጤና ይስጥልኝ። አቤቱታ ላይ «ዛተብኝ»፣ «አስፈራራኝ»፣ «አስጠነቀቀኝ» እየተቀያየሩ ይጻፋሉ። ሦስቱ አንድ ናቸው? «ታገኛታለህ»ስ የት ይገባል?

ሰዋስው፦ አንድ አይደሉም። «ዛተ» በ«ብ» ነው የሚሄደው፦ ዛተብኝ። ባለዛቻው ቡና ቤት ተቀምጦ ሲዝት እኔ ላልሰማ እችላለሁ፤ ዛቻ ግን ዛቻ ነው፣ የአፍ ሥራ ነው። «አስፈራራ» ሰውየውን በቀጥታ ይይዛል፤ ሰሚው ዘንድ ካልደረሰ አስፈራራ አይባልም። የ«ራ» መደጋገም ደግሞ ሐሳብን ያመጣል። ጅብ ያስፈራል፤ የሚያስፈራራ ግን ሰው ነው። «አስጠነቀቀ» እንዲጠነቀቅ አደረገ ነው፤ አደጋው ከተናጋሪው እጅ አይመጣም። «በዚያ አትለፍ፣ ድልድዩ ተሰብሯል» ማስጠንቀቂያ ነው። «በዚያ ብታልፍ እግርህን እሰብረዋለሁ» የሚል ሰው ማስጠንቀቂያ ነው ቢልም ዛቻ ነው።

ጠበቃው ከደሴ፦ ጥሩ ብለዋል፤ ሕጉ ግን አንድ ነገር ይጨምራል። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 580 የሚመለከተው ሰሚውን ለማስደንገጥ ወይም ለማሸበር የሚበቃ ከባድ አደጋ ወይም ጉዳት ነው። ስለዚህ ባዶ ድንፋታና የሠርግ ቤት ፉከራ አይገቡበትም። ቅጣቱ እስከ 6 ወር ቀላል እስራት ወይም እስከ 500 ብር መቀጮ ነው፤ የሚያስቀጣውም በግል አቤቱታ፣ ማለትም ተጎጂው ራሱ ሲያመለክት ነው። «ማሳውን ካልለቀቅህ» የሚል ቅድመ ሁኔታ ተጨምሮበት ሰውየው ከተገደደ ነገሩ ወደ አንቀጽ 582፣ ወደ ማስገደድ ይሄዳል። «እከስሃለሁ» ብቻውን መብት ነው፤ የማይገባ ጥቅም መጭመቂያ ሲሆን ግን 581 አለ። ያው ቃል በቴሌግራም ሲላክ ደግሞ የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 አንቀጽ 13 ይመጣል፤ እስከ 3 ዓመት ቀላል እስራት፣ ሲከብድ እስከ 5 ዓመት ጽኑ እስራት። በስልክ መጻፍ ከአፍ ይልቅ ያስከፍላል፤ ብዙ ሰው ተገላቢጦሽ ይመስለዋል።

የሐይቅ ዳር፦ «ታገኛታለህ» ላይ ልምጣ። ቃሉ ውስጥ ያለችው «እሷ» ማን ናት? ስም የላትም። «ትቀምሳታለህ»፣ «ጠብቃት» ውስጥም ያቺው ናት። ተናጋሪው ራሱን ከነገሩ አውጥቶ ሰሚውን ባለቤት አድርጎታል፤ ተንኮሉ እዚያ ላይ ነው። ሲጠየቅ «ከፈጣሪ ታገኛታለህ ማለቴ ነው» ይላል። እኛ ወሎ ውስጥ «አላህ ይይልህ»፣ «እግዜር ይይልህ» የምንለው እርግማን ነው፤ ክፍያው ለላይኛው ተሰጥቷል፣ ተናጋሪው እጁን አያነሳም። «ውርድ ከራሴ»ም ኃላፊነት ማውረጃ እንጂ ዛቻ አይደለም። አጥር ላይ ቆሞ፣ ክላሽ ታቅፎ «ታገኛታለህ» የሚለው ግን ሌላ ነው።

ጠበቃው ከደሴ፦ ልክ ነው፤ ትርጉሙን የሚሰጠው ሁኔታው ነው። ስለዚህ ራፖር (የአቤቱታ ጽሑፍ) ጸሐፊው «ዛተብኝ» ብሎ ሲያሳጥር እሺ አትበሉ፤ ይህ ድምዳሜ ነው። ቃሉ እንደተነገረ ይግባ፦ ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ ቦታው፣ እጁ ላይ የነበረው፣ የሰማው ሰው። «ሊገድለኝ ነው» እና «እገድልሃለሁ ብሎኛል» ይለያያሉ፤ የመጀመሪያው የእናንተ ግምት ነው፣ ሁለተኛው የእሱ አንደበት ነው። የስልክ መልእክት ከሆነ አትሰርዙት፤ ቁጥሩና ቀኑ በሚታይበት ስክሪንሾት አንሱ፣ ዋናውም እዚያው ይቆይ። በብዛት የሚያበላሸው ጊዜ ነው። አቤቱታው ድርጊቱን ወይም አድራጊውን ካወቃችሁበት ቀን ጀምሮ በ3 ወር ውስጥ መቅረብ አለበት። አበጋር (የወሎ ባህላዊ አስታራቂ) ወይም ሽማግሌ ገብቶ ሲያመላልስ ቀኑ አይቆምም፤ እርቁ ሳይሰምር ሦስቱ ወር ያልቃል። አቤቱታውን አስገብቶ መታረቅ ይቻላል።

ወልድዬው፦ «ዋ!» ብቻውንስ?

ሰዋስው፦ ልጅ እሳት ሊነካ ሲልም «ዋ!» ይባላል፤ ቃሉ ብቻውን ጉዳት አይናገርም። «ዋ!» ሲል ጣቱን አንገቱ ላይ ካሻገረ ግን ያቺን ጣት ራፖሩ ላይ ያስጽፏት።