ለውጭ አገር መሐንዲስ «ሐሙስ እንገናኝ» ለማለት የትኛው የእንግሊዝኛ ቃል ይሻላል?

የምሠራው ኮምቦልቻ ውስጥ በአንድ የልብስ ስፌት ፋብሪካ የግዥ ክፍል ነው። የስፌት መኪና የሚያቀርብልን ድርጅት መሐንዲስ በሚቀጥለው ሳምንት ከውጭ አገር ይመጣል፤ ቀጠሮውን በእንግሊዝኛ በኢሜይል የምይዘው እኔ ነኝ።

በመጀመሪያው ደብዳቤ «ውድ ዩ ቢ አቬይለብል» ብዬ በአክብሮት ጠየቅሁ። እርሱ ግን «ሌትስ ሚት አፕ ኦን ተርስዴይ» ብሎ በሁለት መስመር መለሰልኝ፤ ቀና ሰው ይመስላል። ችግሩ ደብዳቤው ለሁለታችንም አለቆች በግልባጭ የሚደርስ መሆኑ ነው። «ሚት አፕ» እና «ጌት ቱጌዘር» በወዳጆች መካከል የሚዘወተሩ ናቸው። «ስኬጁል ኤ ሚቲንግ» ለሥራ የታወቀ ነው፤ ነገር ግን ለዚያ ቀለል ያለ መልስ ይህን ብጽፍ ፊት የነሳሁት እንዳይመስለው እሰጋለሁ። መዝገበ ቃላቱ ሁሉንም «መገናኘት» ብሎ ያልፋቸዋል። ደሴ እንግሊዝኛ የምታስተምር እኅቴ «አፖይንትመንት» በለው ብላኛለች፤ ለእኔ ግን ይህ ሐኪም ወይም ባለሥልጣን ዘንድ ለመግባት የሚያዝ ቀጠሮ ነው።

ሰዓቱ አላስቸገረኝም፤ የእኛን ጠዋት ሦስት ሰዓት «ናይን ኤ ኤም» ብዬ ጽፌዋለሁ። ኮምቦልቻ አውሮፕላን ማረፊያ መኪና እንደሚጠብቀውም ጨምሬአለሁ። የቀረችኝ የመክፈቻዋ ዓረፍተ ነገር ብቻ ናት።

አለቆች የሚያነቡት ሆኖ፣ የእርሱንም ቅርበት ሳይገፋ፣ «ሐሙስ እንገናኝ» የሚለውን በየትኛው የእንግሊዝኛ ቃል ልጻፈው?