ዊልቸሬ ተቆለፈብኝ፣ ረቡዕ ፈተና አለኝ። ድሬ ውስጥ ማን ይሠራልኛል?

የፈተና ሰሞን፦
አቦ እባካችሁ ድረሱልኝ። ዊልቸሬ ዛሬ ከሰዓት ሳቢያን አስፋልቱ ዳር ቆመብኝ። ጎማው አልዞር አለ። አንድ መንገደኛ ነው እየጎተተ ቤት ያደረሰኝ። ረቡዕ ጠዋት የመውጫ ፈተና አለኝ። እስከ ነገ ማታ መሠራት አለበት። የሚሠራ ሰው የምታውቁ ቶሎ በሉ፣ የዋጋው ነገር በኋላ ይደረስበታል።

የቀፊራው፦
የትኛው ጎማ? ዊልቸር እኮ አራት ጎማ ነው ያለው።

ባጃጅ ነጂው፦
ወንድሜ አይዞህ። ረቡዕ ጠዋት በነጻ አደርስሃለሁ። ዊልቸሩ ይታጠፋል አይደል? ከኋላ እናስረዋለን።

የፈተና ሰሞን፦
የፊቱ ትንሹ ጎማ፣ በቀኝ በኩል። ወንድም ሳልሆን እህት ነኝ። ለባጃጁ እግዜር ይስጥልኝ፣ ግን ባጃጅ እስከ በር ነው። ከበሩ እስከ ፈተና ክፍሉ ያለውን መንገድ የሚያውቅ ያውቀዋል።

ሰሚራ፦
ግሪስ ቀቢው፣ ይለቃል።

መምህሩ፦
ፈተና ያለበት ሰው ዕቃውን ከሳምንት በፊት ነው የሚያየው። የመውጫ ፈተና ከ2015 ጀምሮ አለ፣ ዱብ ዕዳ አይደለም። 50 ከመቶ ያላመጣ ዲግሪውን አያገኝም። የዛሬ ልጆች ሁሉን ነገር ለመጨረሻዋ ሰዓት ታስቀምጣላችሁ። አካል ጉዳት ካለ ደግሞ ጥንቃቄው እጥፍ መሆን ነበረበት። ትግል ያለ ዝግጅት ዋጋ የለውም።

የቀፊራው፦
ጋሼ፣ ኩሽኔታ ምክር አይሰማም።

ገንደ ቆሬ፦
ግሪስ ሞክሪ። ካልሆነ የሞተር ዘይት።

የለገሃር ቶርኖ፦
ግሪስ ግሪስ አትበሉ። የድሬ አሸዋ ግሪስ ላይ ከተጣበቀ ሞረድ ነው የሚሆነው። እህቴ፣ ሁለት ነገር መልሺልኝ። ጎማውን ሰሞኑን የፈታው ሰው አለ? ቡሎኑ ሲላላስ ይዞራል?

የፈተና ሰሞን፦
አዎ፣ ቅዳሜ የሰፈር ልጅ ፈቶ አጽድቶልኝ ነበር፣ ይጮህ ስለነበር። አሁን ወንድሜ በቁልፍ ሲያላላው ይዞራል፣ ግን ይወላገዳል። ሲያጠብቀው ቀጥ ይላል። ይሄ ምን ያደርጋል? ልጁ ጎበዝ ነው።

የለገሃር ቶርኖ፦
ልጁ ጎበዝ ሊሆን ይችላል። ግን አንድ ዕቃ ወደ ቦታው ሳይመልስ ቀርቷል። ጎማው ውስጥ ግራና ቀኝ ሁለት ኩሽኔታ፣ ማለት ጎማውን የሚያዞር ኳስ ያለበት ቀለበት፣ አለ። በመካከላቸው ቡሎኑ የሚያልፍባት አጭር ቱቦ አለች። እሷ ከሌለች ቡሎኑ ሲጠብቅ የሁለቱንም ኩሽኔታ የውስጥ ቀለበት እርስ በርስ ይገፋቸዋል። ያኔ ኳሶቹ ይጨነቁና ጎማው ይቆለፋል። ቅዳሜ የተፈታበትን ቦታ መሬቱን ፈልጉ።

ካልተገኘች የግራውን ጎማ ፍቱና የዚያኛውን ቱቦ ለኩ። ቶርኖ (የብረት መቅረጫ ማሽን) ያለው ሰው ከብረት ቱቦ ይቆርጥላችኋል፣ ረጅም ሥራ አይደለም። ግን ልክ እኩል ትሁን። ካጠረች እንደገና ይቆለፋል።

ተቆልፎ እየተጎተተ ስለመጣ ኩሽኔታውም ተጎድቶ ይሆናል። አውጡና በጣት አዙሩት። ከኮረኮረ ይቀየር። ቁጥሩ ጎኑ ላይ ተጽፏል። ብዙ ጊዜ 608 ነው፣ ውስጡ 8፣ ውጩ 22፣ ውፍረቱ 7 ሚሊ ሜትር። ሁለት ዓይነት ክዳን አለው። ለድሬ የላስቲክ ክዳን ያለውን ግዙ፣ የብረት ክዳኑ አቧራ ያሳልፋል። ስታስገቡ የውጩን ቀለበት ነው የምትገፉት፣ ውስጡን በመዶሻ እንዳትነኩት።

የቀፊራው፦
608 ከሆነ ልጆች በጣታቸው የሚያሽከረክሩት ስፒነር መሃል ያለው እሱ ነው! የእህቴ ልጅ ሁለት አለው። ያልቅስ እንጂ ነቅዬ አመጣዋለሁ።

የለገሃር ቶርኖ፦
እየቀለድክ ነው፣ ግን ልክ ነህ። ለረቡዕ ያደርሳታል። ደህናውን ከፈተናው በኋላ ታስገባለች።

ሰሚራ፦
ግሪስ ግን ሞክረሻል?

አባ ከዚራ፦
ልጄ፣ ለምን ይሄን ያህል ትጨነቂያለሽ? ጓደኞችሽ ተሸክመው ያስገቡሽ የለም ወይ? ሰው ሰውን ቢሸከም ነውር ነው እንዴ?

የፈተና ሰሞን፦
አባባ፣ ነውር አይደለም። ግን ሃይስኩል ሙሉውን ደረጃ የወጣሁት በሰው ጀርባ ነው። የሚሸከመኝ ልጅ የታመመ ቀን እኔም እቀራለሁ። ሽንት ቤት ለመሄድ ሰው ላለመጥራት ውሃ ሳልጠጣ ነበር የምውለው። በድሬ ሙቀት! ግቢ ከገባሁ ወዲህ በራሴ እጅ እየገፋሁ ነው የምሄደው። ለመጨረሻው ቀን ወደ ሰው ጀርባ አልመለስም።

አባ ከዚራ፦
የውሃውን ነገር አላሰብኩትም። ይቅናሽ ልጄ።

ሕግ አንባቢ፦
ሁላችሁም ጎማ ላይ ናችሁ። ፈተናው በኮምፒውተር ነው። ክፍሉ የት ነው፣ ምድር ላይ ወይስ ፎቅ?

የፈተና ሰሞን፦
ኮምፒውተር ክፍሉ ሁለተኛ ፎቅ ነው። ለእኔ ምድር ላይ ይዘጋጃል ተብያለሁ።

ሕግ አንባቢ፦
በጽሑፍ?

የፈተና ሰሞን፦
በቃል።

ሕግ አንባቢ፦
እንግዲህ ጎማው ቢሠራም ደረጃው ስር ቆመሽ ልትቀሪ ነው። ነገ ጠዋት መጀመሪያ ማመልከቻ አስገቢ። የአንቺ ቅጂ ላይ ቀንና ማህተም አስደርጊ። የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ 1152/2011 ተቋማት ለአካል ጉዳተኛ ተማሪ ክፍል እንዲቀይሩና አማራጭ የፈተና መንገድ እንዲያዘጋጁ ይላል። እሱን ጥቀሺ። ከዚያ ኮምፒውተሩ ወርዶ፣ ኔትወርኩም ሠርቶ በዓይንሽ እይ። ረቡዕ ጠዋት ገመድ ሲፈለግ ሰዓትሽ ይበላል።

ገንደ ቆሬ፦
አዋጁ «ሁኔታና አቅም በፈቀደ መጠን» ይላል እኮ። ሁሉም እዚያች ላይ ነው የሚያመልጠው።

ሕግ አንባቢ፦
አንድ ኮምፒውተር ከፎቅ ማውረድ የማን አቅም ነው የማይፈቅደው?

መምህሩ፦
ለመሆኑ የተማርሽው ምንድን ነው? ስትመረቂስ የት ልትሠሪ? የግል ድርጅት ዊልቸር አይቶ አይቀጥርም። እውነቱን ልንገርሽ ብዬ ነው።

የፈተና ሰሞን፦
አካውንቲንግ። ነጻ ንግድ ቀጠናው ውስጥ ካሉት ድርጅቶች አንዱ ጋ ለማመልከት አስቤያለሁ። ደብተር የምይዘው በእግሬ አይደለም ጋሼ።

ሕግ አንባቢ፦
አዋጅ 568/2000 የወጣው ለዚህ ነው። ችሎታው ያለውን ሰው በአካል ጉዳቱ ምክንያት አልቀጥርም ማለት ክልክል ነው። የሥራ ቦታውን ማመቻቸትም የአሠሪው ግዴታ ነው። ጋሼ «አይቀጥርም» ያሉት ልማዱን ነው።

ባጃጅ ነጂው፦
እህቴ፣ «ወንድሜ» ስላልኩሽ ይቅርታ። ነገም ማመልከቻውን ስታስገቢ ላድርስሽ። ስልክሽን በውስጥ ላኪልኝ።

የፈተና ሰሞን፦
ልኬልሃለሁ። ወንድሜ በስልክ መብራት ዶሮ ቤቱ አካባቢ ቱቦዋን እየፈለገ ነው። ካጣናት ጠዋት ቶርኖ ጋ ነን። የቀፊራው፣ ስፒነሩን ከልብህ ነው ያልከው?

የቀፊራው፦
ከልቤ። አንዱን ነቅያለሁ። ልቅሶው ተጀምሯል።

የሐረር እንግዳ፦
ርዕሱ ከተነሳ አይቀር እኔም ልጠይቅ። የእናቴ ዊልቸር የኋላ ጎማ ካላማዳሪያ ፈነዳ። 24 ነው። የት ይገኛል? እዚህ ያለው ኮረት ሁሉን ጨረሰው።

የለገሃር ቶርኖ፦
የብስክሌት ካላማዳሪያ ይገባለታል። ግን «24» ብለህ ብቻ እንዳትገዛ። የጎማው ጎን ላይ ሙሉ ቁጥሩን አንብብ። 24 በ 1 ከ 3/8 እና 24 በ 1.75 ልካቸው የተለያየ ነው። አሮጌውን ይዘህ ሂድ።

ሰሚራ፦
ለካላማዳሪያም ግሪስ እንዳትሉ።